ቴክላ ስትራክቸርስ ለሙዚቃ አዳራሽ ብረት፦ ከጅማ ሲታይ

ፍርዱን ከፊት እናስቀድም። ለቡና መጋዘን ወይም ለመማሪያ ክፍል ቀጥ ያለ ጣሪያ የብረት ሕንፃ መሳያ ሶፍትዌሩን ቴክላ ስትራክቸርስን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለዚያ አውቶካድና ሥራው የገባው ፎርማን ይበቃሉ። ባልኮኒው የተጠማዘዘ፣ ጣሪያው ከባድ፣ ብረቱ አንድ ከተማ ተቆርጦ ሌላ ከተማ የሚገጠም የሙዚቃ አዳራሽ ከሆነ ግን ያለ እሱ ወይም ያለ አቻው መግባት ድፍረት ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥተነዋል። ኮከቦቹን ያገኘው ስክሪን ላይ በሚያሳየው ውብ ምስል አይደለም። ያገኘው በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በሚለጥፈው ቁጥርና በያጁ እጅ በሚገባው ወረቀት ነው። አምስተኛውን የነሳነውም እዚያው ላይ ነው፤ ቁጥሩን በጥንቃቄ ያልያዘ ሰው በዚህ ሶፍትዌር የሚያጠፋው ብረት በእጅ ሥዕል ከሚያጠፋው ይበልጣል።

የፈተንበት ሞዴል ለመፈተኛ ብቻ የተሠራ ነው፤ የሚገነባ ሕንፃ አይደለም። 1,000 ገደማ መቀመጫ ያለው አዳራሽ ነው፤ በየ5 ሜትሩ የቆሙ 30 ሜትር የሚዘረጉ 9 የቱቦ ትራሶች፣ በ14 ሬከሮች (የመቀመጫ ረድፎቹን የሚሸከሙ ተዳፋት ብረቶች) ላይ የተቀመጠ ባለ 8 ረድፍ ባልኮኒ፣ ከትራሶቹ ሥር የተንጠለጠለ የእንጨት ኮርኒስ አለው። (ትራስ ስንል የራስጌውን አይደለም፣ ጣሪያውን የሚሸከመውን የብረት መዋቅር ነው።) የትራሱ የላይና የታች ኮርድ (አግድሙ ቱቦ) 168.3 × 6.3 ሚ.ሜ ክብ ቱቦ፣ ዲያጎናሎቹ (በሁለቱ መካከል ዘንበል ብለው የሚገቡት) 114.3 × 5 ሚ.ሜ፣ ከመሃል መስመር እስከ መሃል መስመር ያለው ቁመት 2.4 ሜትር ነው። ቁጥሮቹን ይዛችሁ ቆዩ፤ እየተመላለስን እናነሳቸዋለን።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ቴክላ እ.ኤ.አ. በ1966 ፊንላንድ ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። የብረት ሶፍትዌሩ ቀድሞ ኤክስስቲል ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ትሪምብል ኩባንያውን ገዛው። ከአውቶካድ የሚለየው መስመር ስለማይሳልበት ነው። ዕቃ ነው የሚቀመጥበት። ብረቱ ከነውፍረቱ፣ ብሎኑ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ ብየዳው ከነመጠኑ ይገባል። ሾፕ ድሮዊንጉ (ወርክሾፑ የሚሠራበት ሥዕል)፣ የዕቃ ዝርዝሩና ክብደቱ ከዚያው ሞዴል ይወጣሉ። ሞዴሉ ከተሳሳተ ሁሉም አብረው ይሳሳታሉ፤ ያም ቢሆን እርስ በርስ ከሚጣረሱ ሦስት ወረቀቶች ይሻላል።

የሙዚቃ አዳራሽ ምን ይለየዋል?

የስብሰባ አዳራሽና የሙዚቃ አዳራሽ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ብረቱ ከምን ጋር መነካካት የለበትም የሚለው ላይ ነው። በሀምቡርግ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የተከፈተው ኤልብፊልሃርሞኒ ትልቁ አዳራሹ 12,500 ቶን ያህል ይመዝናል፤ የውጭው ንዝረት እንዳይገባበት ከቀረው ሕንፃ ተለይቶ በ362 የስፕሪንግ ጥቅሎች ላይ ተቀምጧል። በእንዲህ ያለ ሥራ በስህተት የገባች አንዲት ብሎን የውስጡን ሳጥን ከውጭው ጋር ካያያዘች ድምፁ በእሷ በኩል ይሻገራል። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የዋልት ዲዝኒ ኮንሰርት አዳራሽ ደግሞ ለአውሮፕላን ሥራ በተዘጋጀው በካቲያ መሳሉ የታወቀ ነው፤ የተጠማዘዘ ገጽ በተራ ፕላንና ሴክሽን ተገልጾ አያልቅማ።

ጅማ ላይ ስፕሪንግ ባያስፈልግ እንኳ ዝናብ አለ። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ 1,500 ሚ.ሜ አካባቢ ነው፤ ክረምት ብቻ ጠብቆም አይመጣም። በኤጋ ቆርቆሮ ብቻ በተሸፈነ ጣሪያ ሥር ዶፍ ሲወርድ ማሲንቆ ቀርቶ ከበሮም አይሰማም። ስለዚህ ጣሪያው ክብደት ይፈልጋል። 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት በዴክ (በታጠፈ ቆርቆሮ) ላይ ቢፈስ በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ የሲሚንቶ ቦርድ ድርብርብ ከሆነ በጣም ያንሳል። ምርጫው የመሐንዲሱና የአኩስቲክ ባለሙያው ነው። ለዲቴይለሩ (ብረቱን በዝርዝር ለሚስለው) ቁም ነገሩ ምርጫው ሞዴሉ ከመጀመሩ በፊት ማለቁ ነው፤ ከቦርድ ወደ ኮንክሪት ከተቀየረ የኮርዱ ውፍረት፣ ጋሴቱ (የማያያዣ ላሜራው)፣ ፍላንጁ (የቱቦ መቀጠያ ላሜራው)፣ ቤዝ ፕሌቱ (የብረቱ መቀመጫ ላሜራ) ሁሉ ይቀየራል። ሶፍትዌሩ ይህን በአንድ ቀን ይቀይርላችኋል። የወጣው ወረቀትና የተቆረጠው ቱቦ ግን አይቀየርም።

መጀመሪያ የሚያበላሸው፦ መነሻ ነጥብ

ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያው ሰዓት የሚስተው ይህን ነው። ቀያሹ የሚሰጣችሁ ነጥብ በአዲንዳን ዳተም፣ በዩቲኤም ዞን 37 (በቅየሳ መነሻና በካርታ መለኪያ ሥርዓት) ነው። ጅማ በዚያ ሥርዓት ከዜሮ ወደ ሰሜን ከ840 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ወደ ምሥራቅ በሚቆጠረው (ኢስቲንግ) በኩል 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ትውላለች። የአርክቴክቱን አይኤፍሲ ፋይል (ሞዴልን ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚያሻግር ቅርጸት) በዚያው ቁጥር ካስገባችሁት ሞዴሉ ከሶፍትዌሩ መነሻ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይቀመጣል፤ መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀዳዳ ከቦታው ፍንክች ይላል፣ የቱቦ አቆራረጥ አንዳንዴ ይከሽፋል። መፍትሔው ቤዝ ፖይንት የሚለው ቅንብር ነው። የአዳራሹን አንድ ማዕዘን፣ ለምሳሌ የግሪድ 1ና ኤ መገናኛን፣ ዜሮ አድርጉት። የቀያሹን ቁጥርና ከሰሜን የዞረበትን ማዕዘን እንደ ቤዝ ፖይንት መዝግቡ። አርክቴክቱም፣ የኤሌክትሪክና የአየር ቱቦ ባለሙያውም ያንኑ ነጥብ እንዲጠቀሙ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቃል የተነገረ መነሻ ነጥብ በሁለተኛው ሳምንት ይረሳል።

የአርክቴክቱ ፋይል እንደ ሪፈረንስ (ለማመሳከሪያ ብቻ) ይግባ። ወደ ቴክላ ዕቃ ለመለወጥ መጣደፍ ትርፉ ጣጣ ነው፤ ከአርክቴክት ሞዴል የተለወጠ ቱቦ መልኩ ቱቦ ቢሆንም ቁጥር ሲሰጠው እንደ ተራ ቅርጽ ሊቆጠር ይችላል።

ባልኮኒውና ኩርባው

የባልኮኒው ፊት 20 ሜትር ራዲየስ አለው። 14 ሬከሮች 13 ክፍተት ይሰጣሉ፤ ከአንዱ ሬከር እስከ ቀጣዩ 2.6 ሜትር ያህል ነው። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ በሁለቱ መካከል ቢገባ መሃሉ ላይ ከኩርባው ምን ያህል ይርቃል? ርዝመቱ በራሱ ተባዝቶ ለራዲየሱ 8 እጥፍ ሲካፈል 42 ሚ.ሜ ይመጣል። በ1.5 ሜትር ቁራጭ ቢሠራ 14 ሚ.ሜ፣ በ1 ሜትር 6 ሚ.ሜ። እዚህ ላይ ውሳኔ ያስፈልጋል፦ ወይ ቱቦው በሮሊንግ ማሽን ይጠቀለል፣ ወይ ቀጥ ብሎ ገብቶ 42 ሚሊ ሜትሩን የእንጨት ሽፋኑ ይሸፍን። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው። የሮሊንግ ማሽን የቱቦውን ሁለት ጫፍ ቀጥ አድርጎ ይተዋል፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል፤ 6 ሜትር ቱቦላሬ ላይ ደግሞ የሚጣለው ቀላል አይደለም።

ሶፍትዌሩ እዚህ ያምራል። ከራይኖና ከግራስሆፐር (ቅርጽን በቀመር ከሚሠሩ ሶፍትዌሮች) ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ስላለ 14ቱን ሬከሮች በአንድ ቀመር ማቆም ይቻላል። ሎፍትድ ፕሌት የሚለው መሣሪያ ተጠቅልሎ የሚዘረጋ ላሜራ ይሠራል፤ ተዘርግቶ ሲቆረጥና ሲታጠፍ ልክ ይሆናል። ልብ በሉ፣ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ ገጽ (እንደ እንቅብ ሆድ ያለ) በዚህ አይዘረጋም፤ እንዲህ ያለ ገጽ ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ከመጣላችሁ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

የቱቦላሬው እውነተኛ ልክ

ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው የፕሮፋይል (የብረት ዓይነትና ልክ) ካታሎግ የእኛን ገበያ አያውቅም። ገበያ የሚገኘው ቱቦላሬ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ የታጠፈ፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። በአውሮፓው ኢኤን 10219 ደንብ እስከ 5 ሚ.ሜ ውፍረት ላለው ቱቦ 10 በመቶ መዋዠቅ ይፈቀዳል። ባለ 4 ሚ.ሜ ተብሎ የተሸጠ 3.6 ሆኖ ቢገኝ ሻጩ ደንብ አልጣሰም፤ ክብደቱና ጉልበቱ ግን ወርዷል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከየጥቅሉ ሁለት ሦስቱን በካሊፐር ለኩ። የማዕዘኑን ክብነትም እንዲሁ። በልኩ መሠረት የራሳችሁን ፕሮፋይል በካታሎጉ ክፈቱና መሐንዲሱ በእውነተኛው ውፍረት እንደገና ያስላው። ካታሎጉን አንድ ሰው ብቻ ይክፈተው፤ ሁለት ሰው አንዱን ቱቦ በሁለት ስም ከመዘገበው የዕቃ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ዓይነት ብረት ሆኖ ይመጣል፤ ግዥውም ይዘበራረቃል።

መጋጠሚያዎቹ

ትራሱ ላይ ሁለት ዲያጎናሎች ኮርዱ ላይ ይገናኛሉ። ፓኔሉ (በኮርዱ ላይ ከአንዱ መጋጠሚያ እስከ ቀጣዩ) 5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር ስለሆነ ዲያጎናሉ 43.8 ዲግሪ ያህል ይዘነብላል። የሦስቱም የመሃል መስመር አንድ ነጥብ ላይ ቢገናኝ በሁለቱ ዲያጎናሎች መካከል ኮርዱ ላይ የሚቀረው ክፍተት 10.3 ሚ.ሜ ነው። የመጋጠሚያ ደንቡ (ኢኤን 1993 ክፍል 1-8) ቢያንስ የሁለቱን ውፍረት ድምር፣ ማለትም 10 ሚ.ሜ ይጠይቃል። በወረቀት አልፏል። በያጁ ግን ከሁለቱም በኩል 6 ሚ.ሜ ብየዳ ማስገባት አለበት፤ ሁለቱ ሲደመሩ 12 ነው። ብየዳ በብየዳ ላይ ይወጣል። መላው ቀላል ነው፦ የዲያጎናሎቹን መገናኛ ከኮርዱ የመሃል መስመር 5 ሚ.ሜ ወደ ውጭ መግፋት። ክፍተቱ 20 ሚ.ሜ ይሆናል። ደንቡ በዚህ አቅጣጫ እስከ ኮርዱ ዲያሜትር አንድ አራተኛ፣ ማለትም 42 ሚ.ሜ ድረስ መዛነፍን ስለሚፈቅድ 5 ሚ.ሜ ማንንም አያስቆጣም። ቴክላ ይህን ራሱ አያስጠነቅቅም። ዓይን ያስፈልጋል።

ብሎን ላይ ግን ጥሩ ጠባቂ ነው። የክላሽ ቼክ (የግጭት ፍተሻ) ቅንብሩ የብሎኑን ራስና የቁልፉን መዞሪያ ቦታ ጨምሮ እንዲፈትሽ ማድረግ ይቻላል። የኮርዱ መቀጠያ ክብ ፍላንጅ ላይ 6 ባለ 20 ሚ.ሜ (ኤም 20)፣ ደረጃ 8.8 ብሎኖች አሉ። የዳዶው ስፋት 30 ሚ.ሜ ሲሆን ሶኬቱ 45 አካባቢ ነው፤ ከቱቦው ግድግዳ 8 ሚ.ሜ ብየዳ ሲጨመር የብሎኑ መሃል ከግድግዳው ቢያንስ 31 ሚ.ሜ ካልራቀ ሶኬቱ አይገባም። ቀዳዳው 22 ሚ.ሜ፣ ከጠርዝ ያለው ርቀት በኢኤን 1993 ክፍል 1-8 ቢያንስ 1.2 እጥፍ፣ ማለትም 26.4 ሚ.ሜ ነው። ዝቅተኛውን አትጠቀሙ፤ በእጅ ድሪል 3 ሚ.ሜ መሳት የተለመደ ነው። 35 አድርጉት።

ከአኩስቲክ ኮርኒሱ ጋር ያለውን ክፍተት ለመጠበቅ የተሻለው ዘዴ ክፍተቱን ራሱን እንደ ዕቃ መሳል ነው። አየር ቱቦና ትራስ እንዳይነካኩ 50 ሚ.ሜ መተው ካለበት፣ በቱቦው ዙሪያ 50 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ባዶ ሽፋን ሳሉና በተለየ ክላስ (የዕቃ መደብ) አስቀምጡት። ክላሽ ቼክ ያን ጊዜ የተነካካውን ብቻ ሳይሆን የተጠጋጋውንም ይናገራል። አደጋውስ? ሽፋኑ ከዝርዝር ካልተጣራ እንደ ብረት ይመዘናል፤ ጨረታ ላይ ያልተገዛ ብረት ሲቆጠር ይገኛል።

ነምበሪንግ (ቁጥር አሰጣጥ)፦ ልቡ ይህ ነው

ቴክላ አንድ ዓይነት ቁራጮችን አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በያጁ 40 ጊዜ አንድ ነገር ይቆርጣል ወይስ 40 የተለያየ ነገር? የወርክሾፑ ትርፍና ኪሳራ በዚህ ይወሰናል።

ባልኮኒውን እንየው። የኋላው ተመልካች ከፊቱ ያለውን ራስ አልፎ መድረኩን እንዲያይ የየረድፉ ከፍታ በጥቂት ሚሊ ሜትር እያደገ ይሄዳል፤ 8 ረድፍ፣ 8 የተለያየ ከፍታ። በ14 ሬከር 112 የደረጃ ማቆሚያ አለ። ማቆሚያው ቀኝና ግራ ካለው (አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ከሆነ) ቴክላ ለሁለቱ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ 16 ዓይነት ይሆናል። ሬከሮቹ ማራገቢያ ሆነው ስለተዘረጉ ማዕዘኑም ከተለያየ ቁጥሩ ያሻቅባል። ማቆሚያውን በመሃሉ ተመሳሳይ አድርጎ መንደፍና ቀዳዳውን ክብ ከማድረግ ይልቅ 22 በ30 ሞላላ ማድረግ 112ቱን ወደ 8 ዓይነት ያወርደዋል። እንዲህ ያለውን ማሻሻያ ሶፍትዌሩ አያስብም፤ የቁጥር ዝርዝሩን ሲያወጣ ግን ገላልጦ ያሳያል። ከሞዴሉ መጀመሪያ ጀምሮ በየሳምንቱ ነምበሪንግ አሂዱና «ስንት ዓይነት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አይወደውም።

ወጥመዶቹ እነዚህ ናቸው። ቅንብሩ የዕቃ ስምን እንዲያነጻጽር ከተደረገ፣ አንዱ ሰዓሊ «ፕሌት» ሌላው «ላሜራ» ብሎ የሰየመው ያው 10 ሚ.ሜ ብረት ሁለት ቁጥር ያገኛል። የቁጥር ቶለራንሱ (ሁለት ዕቃ አንድ ነው ለማለት የሚፈቀደው የልክ ልዩነት) በጣም ከሰፋ ደግሞ 5 ሚ.ሜ የሚለያዩ ሁለት ዲያጎናሎች አንድ ተብለው ይታተማሉ፤ አንዱ ሳይት ላይ አይደርስም። ከ1 ሚ.ሜ በላይ አትውጡ። ከሁሉ የከፋው ወረቀት ከወጣ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ነው። ጣሪያ ላይ አንድ ቀዳዳ ሲጨመር ዕቃው ተለውጧልና የድሮ ቁጥሩን ይያዝ ወይስ አዲስ ይውሰድ? ወደ ወርክሾፕ ላልተላከ የድሮውን ይያዝ። ለተላከ ግን የግድ አዲስ ይውሰድ፤ አለበለዚያ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ብረት መሬት ላይ ይተኛል፣ ማንም አይለያቸውም። የተላከውን በምዕራፍ (ፌዝ በሚባለው ቅንብር) መለየትና መቆለፍ የሚሰለች ሥራ ነው። ቢሆንም ይሠራ።

ወረቀቱ በያጁ ጋ ሲደርስ

ማስታወቂያው ኤንሲ ፋይልን (ለመቁረጫ ማሽን የሚሰጥ ትዕዛዝ)፣ የእሱን የዲኤስቲቪ ቅርጸት፣ ከማሽን ጋር መናበብን ያወራል። በጋዝ መቁረጫና በግራይንደር ለሚሠራ ወርክሾፕ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው የቱቦውን ጫፍ እንዴት እንደሚቆርጠው የሚያሳየው ነው፤ ክብ ቱቦ ክብ ቱቦ ላይ ሲቀመጥ ጫፉ እንደ ኮርቻ ይቆረጣል። በነጠላ ዕቃ ድሮዊንግ ላይ ቱቦውን ዘርግቶ ማሳየት ይቻላል። በ1 ለ 1 አትሙት፣ ቱቦው ላይ ጠቅልሉት፣ በኖራ ወይም በቡጢ ምልክት አድርጉና ቁረጡ።

ትንሽ የምትመስለው ነገር ሁሉን ታበላሻለች። የ114.3 ቱቦ ዙሪያ 359 ሚ.ሜ፣ የ168.3 ዙሪያ 529 ሚ.ሜ ነው። 529 ያለው የሚገባው በኤ2 ወረቀት ረጅሙ ጎን፣ በ594 ሚ.ሜ ላይ ነው። የፕሪንት ቤቱ ልጅ «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የምትለውን ከጫነ 529ኙ 515 ይሆንና ሁለቱ ጫፎች ሳይገናኙ ይቀራሉ። በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የ300 ሚ.ሜ መለኪያ መስመር ሳሉ፤ በያጁ በሜትሩ ሳይለካው አይቁረጥ። ወረቀቱ ራሱ ውፍረት ስላለው ሲጠቀለል በጥቂቱ ቢያጥር አይግረማችሁ፤ በዙሪያው ላይ ያን ያህል ጨምሩለት። የጅማ እርጥበት ላይ የተቀመጠ ወረቀትም ይለጠጣል፣ ስለዚህ ከመቁረጫው ቀን በፊት ብዙ አታትሙ።

በርዕስ ሳጥኑና በማስታወሻው አማርኛ ማስገባት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ «ዙሪያውን በየድ»፣ «ሳይት ላይ የሚበየድ» የሚል ጽሑፍ ከምልክት ይልቅ ቶሎ ይነበባል። ብቻ ፒዲኤፉን ወርክሾፑ ባለው ኮምፒውተር ከፍታችሁ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን አለመሆኑን አረጋግጡ።

መከፋፈል፣ መጫን፣ ማንሳት

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ የግቤን ቁልቁለትና ዳገት ይሻገራል። 30 ሜትር ትራስ በአንድ ጭነት አይታሰብም። ለሦስት እኩል ቢከፈል መቀጠያው 10ኛው ሜትር ላይ ይውላል፤ እዚያ ደግሞ የታችኛው ኮርድና የዲያጎናሎቹ መጋጠሚያ አለ። 60 ሳንቲ ሜትር አሸሹት፦ 10.6፣ 8.8፣ 10.6 ሜትር። ሁሉም ከ12 ሜትር በታች ነው። መቀጠያው የሚያቋርጠው አንድ ዲያጎናል በጋሴትና በብሎን ሳይት ላይ ይግባ።

ካምበር (ትራሱ ሲጫን እንዳይጎብጥ መሃሉን ቀድሞ ከፍ ማድረግ) እዚህ ላይ ሰው ይጥላል። መሐንዲሱ መሃሉ 40 ሚ.ሜ ከፍ ይበል ካለ፣ በሦስት ቀጥ ያሉ ክፍሎች ሲሠራ የጎኖቹ ክፍሎች በ10.6 ሜትር ውስጥ 40 ሚ.ሜ ይወጣሉ። በ2.4 ሜትር የትራስ ቁመት ላይ ይህ 9 ሚ.ሜ ይሆናል፤ በየመቀጠያው የላይኛው ኮርድ ከታችኛው በዚያ ያህል ይረዝማል ማለት ነው። ካምበሩ ድሮዊንጉ ላይ በጽሑፍ ብቻ ተቀምጦ ቱቦው ቀጥ ተብሎ ከተቆረጠ የላይኛው ፍላንጅ 9 ሚ.ሜ አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ በብሎን ጎትቶ መዝጋት ደግሞ ትራሱን ይመልሰዋል እንጂ አያስተካክለውም። ቴክላ ላይ ለቢም ካምበርን እንደ መግለጫ መጻፍ ይቻላል። ለትራስ ግን በቅርጹ ውስጥ ሳሉት።

ክብደቱን ሶፍትዌሩ ያወጣል፤ በእጅ ማመሳከር አይከፋም። ኮርዱ 60 ሜትር በ25.2 ኪሎ 1,512፣ ዲያጎናሉና የጫፍ ቋሚው 46 ሜትር በ13.5 ኪሎ 621፤ ለላሜራና ለብየዳ 8 በመቶ ሲጨመር አንድ ትራስ 2.3 ቶን ገደማ ነው። የሚቀባው ገጽ 48 ካሬ ሜትር ያህል። ክሬን ስትከራዩ ግን 2.3 ቶንን ብቻ አትናገሩ፤ ክሬኑ ከአዳራሹ ውጭ ቆሞ 15 ወይም 20 ሜትር ዘርግቶ ሲያነሳ አቅሙ በብዙ ይወርዳል። የስበት መሃሉን ነጥብ ሞዴሉ ያሳያል፤ ማንጠልጠያ ጆሮውን ከዚያ ነጥብ ግራና ቀኝ እኩል አድርጋችሁ በሞዴሉ ውስጥ ሳሉት፣ ሳይት ላይ አይበየድ።

30 ሜትር ብረት በ25 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 9 ሚ.ሜ ይረዝማል። አንዱ ጫፍ ሞላላ ቀዳዳ ይኑረው።

ከኮንክሪቱ ጋር መታረቅ

ሞዴሉ ፍጹም ነው፤ ኮለኑ አይደለም። የአንከር ብሎን (ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበረው) 20 ሚ.ሜ መሳት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ለብሎኖቹ ከ2 ሚ.ሜ ላሜራ የተቆረጠ መያዣ ይሠራላቸው፤ ልኩ ከሞዴሉ ይውጣ። ከፈሰሰ በኋላ ቀያሹ እያንዳንዱን ብሎን በቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መሣሪያ) ይለካና ነጥቦቹ ወደ ሞዴሉ ይመለሱ። ቴክላ የሌይአውት ነጥቦችን ማስገባትና ማስወጣት ይችላል፤ እዚህ በእውነት ይጠቅማል። ቤዝ ፕሌቱ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። የቤዝ ፕሌት ቀዳዳ ሰፋ ብሎ ከላይ ወፍራም ሮንዴላ ሲበየድበት ቀሪው ስህተት ይዋጣል፤ ከሥሩ ለግራውት (ለመሙያ ሲሚንቶ) ከ25 እስከ 50 ሚ.ሜ ይተው። ትራሶቹን ቆርጦ ጨርሶ ኮለኑን የሚለካ ሰው ልኩን ሳይሆን ቅጣቱን ነው የሚያነበው።

ኮምፒውተር፣ መብራት፣ ፈቃድ

ዊንዶውስ ብቻ ላይ ይሠራል። ለእንዲህ ያለ ሞዴል 32 ጊጋባይት ራም ያዙ። መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር ፋይል እንዳይበላሽ ዩፒኤስ የግድ ነው። አውቶሴቩ የሚሠራው በደቂቃ ሳይሆን በትዕዛዝ ብዛት ነው፤ ቁጥሩን ዝቅ አድርጉት። የሞዴሉን ማህደር በሙሉ በየቀኑ ሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ፤ ዋናውን የሞዴል ፋይል (ዲቢ1) ብቻ መቅዳት ድሮዊንጎቹን አያድንም።

ፈቃዱ በየጊዜው የሚከፈልበት ነው፤ ካርቦን፣ ግራፋይትና ዳይመንድ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት፣ ዳይመንድ ሙሉው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የምትወስዱት ደረጃ የነጠላ ዕቃና የአሴምብሊ (የተገጣጠመ ዕቃ) ድሮዊንግ ያወጣል ወይ? በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነገር ስለሆነ ጊዜውን ከሥራው ጋር አገጣጥሙት። ሞዴሉን ማየት ብቻ ለሚፈልገው ፎርማን ፈቃድ አትግዙለት፤ በትሪምብል ኮኔክት (የሞዴል መመልከቻ) ስልኩ ላይ ያየዋል።

ከተወዳዳሪዎቹ አድቫንስ ስቲል በአውቶካድ ላይ ስለሚሠራ ለአገሬው ድራፍትማን ይቀርባል፤ ለቀላልና ለመካከለኛ ሥራ እሱን እንመርጣለን። ሬቪት የአርክቴክቱ ነው፤ ሾፕ ድሮዊንግ ማውጣት ይቻላል፣ ግን ጉልበት ይጨርሳል።

ለተማሪ ወሬው ሌላ ነው። ቴክላ ካምፓስ በሚባለው በኩል የትምህርት ፈቃዱ በነፃ ይገኛል፤ ለንግድ ሥራ አይሆንም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ያለው የቴክኖሎጂ ተማሪ ዛሬ አውርዶ ከላይ ያለውን ትራስ መሳል ይችላል። 168.3ና 114.3 ቱቦዎችን አስገቡ፣ ፓኔሉን 5 ሜትር፣ ቁመቱን 2.4 ሜትር አድርጉ፣ ክፍተቱ 10.3 መምጣቱን ለኩ፣ ከዚያ 5 ሚ.ሜ ግፉት። ሁለቱንም ጫፎች ዘርግታችሁ በኤ2 አትሙ፤ ቱቦ ባይኖር የቀለም ጣሳ ላይ ጠቅልሉት።